ከኮት ገበር የተሰፋ ልጓም

እማዬ ስሙን ልጓም አለችው፤ በቤታችን ልጓም ሆኖ ቀረ። አባባ ግን ሁልጊዜ "አፍ መሸፈኛ" ነበር የሚሉት፤ ቆጣ ብለው፣ እንደ ኮትና እንደ ሱሪ ከጥንት የነበረ ልብስ አስመስለው። የሰፉት ራሳቸው ናቸው፣ ያውም ከተረፈ የኮት ገበር። የሚያብለጨልጭ፣ ቡናማ፣ ዙሪያው የተቀመቀመ፣ ከማጅራት በጥብጣብ የሚታሰር። ለሙሽራ ኮት እንኳ እንዲያ ሲጠበቡ አላየሁም። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ፣ እሱን አስሬ በጭድ ተራ ከማልፍ አንድ ሸክም ጭድ በራሴ ተሸክሜ ባልፍ እመርጥ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከባሕር ማዶ የተነሣ ብርቱ ጉንፋን ከተማችን የገባበት ዓመት። ራዲዮ ያለው ሰው "ዓለምን ያዳረሰ ነው አሉ" እያለ ያወራል፤ መርካቶ ግን ለጉንፋን ብላ ሱቅ አትዘጋም። ሰው ያስነጥሳል፣ "ይማርህ"፣ "ያኑርህ" ይባባላል፣ ገበያው ይቀጥላል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አፉን ሸፍኖ የሚወጣ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የኛ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን!

አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ፣ በመካከሉ ጋዜጣ የተለጠፈበት የጣውላ ግድግዳ። ጉንፋኑ ከገባ ጀምሮ በሱቁ ደጃፍ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳህን ተቀመጠ። እጁን ያልታጠበ ደንበኛ አይገባም። የገባም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ አባባ ሜትራቸውን ከጀርባው አዙረው ደረቱን ይለካሉ። "ትንፋሽዎን ያዙልኝ" ይላሉ። ሰውየው ደግሞ ያዙ ሲባል ሳንባው እስኪሞላ ድረስ ስቦ ነው የሚይዘው። በዚያ ወራት የተሰፋ ኮት ሁሉ ሰፊ ነበር። ባለቤቶቹ በኮታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ደብቀው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር፤ "የፈራው ሰውዬ ኮት" እየተባለ በየሱቁ ይሳቅብን ነበር።

ቤት ውስጥም ሌላ ጣጣ አለ። በአንድ ትሪ መብላት ቀረ። ለእያንዳንዳችን የቆርቆሮ ሳህን ተሰጠን፤ እማዬ ሳህኗን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ "እስረኛ መሰልን እኮ አንተ ሰውዬ!" ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ አባባ ከሩቅ እጅ ነሥተው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ሊስማቸው የተንጠራራ ሰው አየር ስሞ ይቀራል። እኔ ያን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ከመሬት አልነቅልም።

አፍንጫ መሸፈን በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ መቼም የማያውቅ የለም። ሸተትከኝ ማለት ነው። በጭድ ተራ ሳልፍ አንዱ ተሸካሚ ሸክሙን እንደያዘ ቆም ብሎ፣ "እህቴ፣ እኔ ትናንት ወንዝ ወርጄ ታጥቤያለሁ፣ አትሳቀቂ" ይለኛል። ጓደኞቹ ይስቃሉ። "ኧረ የሸተትከው እሷን ሳይሆን አባትየውን ነው" ይላል ሌላው።  መልስ እንዳልሰጥ አፌ ታስሯል፤ ብመልስም በገበር ውስጥ ሆኜ ድምፄ የበሬ ማጉረምረም ነው የሚመስለው።

አባባ ለምን እንዲያ እንደሚሆኑ የነገረችኝ እማዬ ናት፤ እሳቸው አንድ ቀን ተናግረውት አያውቁም። የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲፈጅ ሕፃን ነበሩ። አባትና እናታቸው እዚያው ቤት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ፣ የሚቀብርም የሚገባም ሰው ጠፍቶ፣ ብቻቸውን ቀሩ። አንዲት ጎረቤት ውኃ በቅል እየሞላች፣ ቅሉን በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥላ፣ በአጥሩ ላይ አሻግራ ታጠጣቸው ነበር። የሴትዮዋን ፊት እንኳ አያስታውሱትም፤ በነጠላ ተሸፍና ነበርና። በዚያች ቅል ነው የተረፉት። በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን በሰፈራችን ትልቁን የቆሻሻ ክምር የሚያቃጥሉት አባባ የሆኑት ለካ ለዚህ ነው። ይህን ሰምቼ አዘንኩላቸው። ግን እውነቱን ልናገር፣ በማግሥቱ ልጓሙን ሳስር እፍረቴ ያው ነበር።

ደግሞ እኔ የማፍርበት ልዩ ምክንያት ነበረኝ። ጎጃም በረንዳ አንድ የማር ነጋዴ ነበሩ፤ የታወቁ፣ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ከሱቃቸው አልፎ የሚሰማ። ልጃቸው ማር እየመዘነ ይሸጣል። እማዬ ጠጅ ስትጥል ማር የምላከው እኔ ነኝ። ሱቁ ጋ ስደርስ ልጓሙን ፈትቼ በነጠላዬ ሥር እደብቀዋለሁ። አንድ ቀን ልጁ ማሩን እየቀዳ፣ ወደኔ ሳያይ፣ "ጥርስሽ ያምራል" አለኝ። ያን ቀን እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ልጓሙን ማሰሩንም ረስቼ አባባ ጮኹብኝ። ከዚያ በኋላ እማዬ ጠጅ ባትጥልም ማር አለቀ እያልኩ አስቸግራት ጀመር።

እንግዲህ ልጁ ሊያገባኝ እንደሚሻ ለአባቱ ነገረ፤ ማየቱን ግን አልተናገረም። የሰው ልጅ ሱቅ ውስጥ አይቼ ጥርሷን ወደድኩ ይባላል እንዴ? ነውር ነው። "የልብስ ሰፊው ልጅ ጨዋ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ" ብሎ አለፈው። ሽማግሌ ተላከ።

ሦስት ናቸው። አንዱ የነፍስ አባታቸው ቄስ፣ አንዱ የልጁ አጎት፣ አንዱ ጎረቤታቸው። አባባ በር ላይ ተቀበሏቸው፤ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው እጃቸው ትሪ፣ በትሪው ላይ ሦስት አዳዲስ ልጓም። ኧረ ጉዴ! እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ ነው። ሽማግሎቹ ትሪውን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። አጎትየው አንዱን አንሥተው ወዲያና ወዲህ አገላበጡትና ከኪሳቸው ከተቱት፤ ሌሎቹ አልነኩትም። ቄሱ መስቀላቸውን ዘረጉ። አባባ ባሉበት ቆመው፣ በሩቅ፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ። መስቀሉ አየር ላይ ቀረ። እማዬ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ልጓሟን ወደ ላይ ገልጣ ለአባባም ለራሷም ብላ ደጋግማ ሳመችው። ቄሱ መስቀሉን በቀሚሳቸው ጠርገው መለሱት፤ በልባቸው የቀረው ግን የእማዬ መሳም ሳይሆን የአባባ አለመሳም ነበር።

ምግብ ቀረበ፤ ለየብቻ፣ በቆርቆሮ ሳህን። እኔ ልጓሜን አስሬ፣ ዓይኔ ብቻ እየታየ፣ እጅ አስታጠብኩ። አጎትየው በደግነት፣ "ልጄ፣ እስቲ ገለጥ አድርጊውና እንይሽ" አሉኝ። እጄ ወደ ጥብጣቡ ሄደ።

"አይሆንም!" አሉ አባባ። "ጉንፋኑ እስኪያልፍ አይገለጥም።"

 ቀጥሎ የሆነውን አገሩን የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በኛ ወግ "እንመክርበታለን፣ ተመለሱ" የሚለው የሴቷ ወገን ነው፤ ሽማግሌ ይለምናል፣ ይመላለሳል፣ ደጅ ይጠናል። ያን ቀን ግን ቄሱ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እንግዲህ እኛ እንመክርበታለን" አሉ። እነሱ! ለማኞቹ! እማዬ በደረቷ ላይ እጇን ጭና ቀረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መርካቶን ዞረ። ልጅቷ አፏን የምትሸፍነው ለጉንፋን አይደለም፣ ከንፈሯ ተበልቶ ነው። አፍንጫዋም ጀምሯታል። ቤቱ ደዌ አለበት፣ ለዚህ ነው በአንድ ትሪ የማይበሉት፣ ለዚህ ነው መስቀል የማይስሙት። በዚያ ዘመን በዘሩ ቁምጥና አለ የተባለ ቤት አበቃለት፤ እሱ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጁም አይጋባም። ሲያስቡት እኮ ሁሉም ነገር ገጠመላቸው! እኔ ራሴ ሌላ ሰው ሆኜ ብሰማው አምን ነበር።

ቦኖ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ባልዲያቸውን እያነሡ ይሸሹልኛል። እኔ የነካሁትን ቧንቧ አመድ ይዘው ያጥቡታል። አባባ ሲለምኑት የኖሩትን ርቀት ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ሰጠን። ልጓሙን ፈትቼ ነጠላዬ ሥር ከተትኩትና ቦኖው ላይ ጥርሴን ሁሉ እያሳየሁ ያለ ነገር መሳቅ ጀመርኩ፤ ከንፈሬን ይዩ ብዬ። አንዷ፣ "ውይ፣ ገና እየጀመራት ነው፣ አሁንማ አያስታውቅም" ስትል ሰማኋት። ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ጥርሴን ቆጥሮ የጨረሰው ልጅስ? እሱ ቢናገር ነገሩ ባንድ ቃል ይቋጭ ነበር። ግን የት አየሃት ቢሉት ምን ይላል? እሱም አፉን የያዘው እፍረት ነው። እኔም ለአባባ አይቶኛል ብዬ ልነግራቸው አልችልም። ሁላችንም በየፊናችን አፍረን ተቀመጥን።

እማዬ ግን ፈነዳች። "ልጄን ቆሞ ቀር አደረግሃት! በገዛ እጅህ፣ በገዛ መቀስህ! ጉንፋኑ ቢገድላት ይሻል ነበር፣ ቢያንስ አልቅሼ እቀብራታለሁ!" አለቻቸው። አባባ የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው። ደንበኛም ከቀረ ቆይቷል፤ መኪናዋ ላይ ጨርቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለራሳቸው የሰፉትን ኮት ለብሰው፣ "ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ" አሉኝ።

"ልጓ... አፍ መሸፈኛውስ አባባ?"

"ተዪው።"

ፊታቸውን በጠራራ ፀሐይ ካየሁ ቆይቼ ነበር። የተሸፈነበት ቦታ ነጣ ብሎ፣ አገጫቸው አንሶ፣ ከስተዋል። ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ሲሸሹት የከረሙትን ሰው ሁሉ እየጨበጡ፣ በጭድ ተራ አልፈን ወደ ጎጃም በረንዳ ወጣን።  ወዴት እንደምንሄድ ሲገባኝ ኮታቸውን ከኋላ ያዝኩ። "አባባ፣ በእናትዎ እንመለስ" አልኩ። አልሰሙኝም። ሴት ልጅን ይዞ ወደ ጠያቂዎቿ ቤት የሄደ አባት ማን አይቶ ያውቃል!

የማር ነጋዴው በሱቃቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንበው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ሳላቸው ከመንገድ ይሰማል። ጉንፋኑ ይዟቸዋል። አባባ በሩ ላይ ቆም አሉ። ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ገቡና ጎንበስ ብለው፣ የሰውየውን ትኩሳት ያለበት ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጉንጫቸውን ሳሙት። በግራ ሳሙ፣ በቀኝ ሳሙ፣ እንደገና በግራ። "እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው" እያሉ፣ በየመሀሉ እየሳሙ። ሰውየው መሀል ላይ ሳል ይዟቸው ፊታቸው ላይ ሳሉባቸው። አባባ አልጠረጉትም።

ከዚያ ቀና ብለው፣ "ልጄን ያመጣኋት ፊቷን እንዲያዩ ነው። የሚባለውን ሰምተዋል። ይዩዋት" አሉ።

እንደ ፋሲካ በግ መሀል ላይ ቆምኩ። ደጃፉ ላይ ገበያተኛው ተሰብስቧል። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ፤ አባባ አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉት። ልጁ ከማሩ ገንቦ ጀርባ ቆሞ ጆሮው ቀልቷል፤ አንገቱን ደፍቶ ማሩን ያለ ሥራ ያማስላል። ነጋዴው አንዴ ብቻ አይተውኝ ዓይናቸውን ሰበሩ። "ኧረ ጌታዬ፣ ኧረ ይህን ምን አመጣው! ኧረ አፈርኩ!" አሉ። "እሑድ ራሴ እመጣለሁ። ከሽማግሎቹ ጋር ራሴ እመጣለሁ።" ስንመለስ አባባን ቀና ብዬ አላየኋቸውም። ቤት ሲደርሱ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ፊታቸውን እስኪቀላ ፈተጉት።

ምን ዋጋ አለው! ከእሑድ በፊት ያዛቸው። የመጀመሪያውን ሳል እንደሳሉ ምንጣፋቸውን ይዘው ሱቁ ውስጥ ገቡና ከውስጥ ቆለፉት። ምግባቸውን በመስኮት ነበር የምንሰጣቸው። እማዬ ጭንቅ ያዛት። ሽማግሎቹ እንዳይመጡ ብንል "ይኸው፣ ቤቱ ደዌ አለበት አላልንም?" ይባላል። ቢመጡና አባባ ታመው ቢያዩም ያው ነው። ስለዚህ ለዘመድ ለቅሶ አገር ቤት ወርደዋል ሊባል፣ በሳቸው ቦታ አጎቴ፣ የእማዬ ወንድም፣ ሊቀመጥ ተመከረ። አባባ በግድግዳው ቀዳዳ ሰምተው፣ "እሺ፣ አልስልም" አሉ። አልስልም! ሳል በትእዛዝ የሚቆም ይመስል!

እሑድ መጡ። ሦስቱ ሽማግሎችና የማር ነጋዴው ራሳቸው፤ እሳቸው ከጉንፋኑ ድነዋል። ልጓሞቹ ጓዳ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፣ በደጃፍ ማንቆርቆሪያ የለ፣ የቆርቆሮ ሳህን የለ፤ ምግቡ በአንድ ትሪ ቀረበ። አጎቴ፣ "ባለቤቱ ለቅሶ ወርደው ነው፣ እኔ አለሁ" አሉ። ነጋዴው አንገታቸውን ነቀነቁ። ልክ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሡ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ።

እማዬ ሳህን ጣለች። ሆን ብላ ነው። አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዝናቡ ያወሩ ጀመር። ሁለተኛው ሳል መጣ፤ የታፈነ፣ አፍ ውስጥ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት፣ ከሳልነት ይልቅ ሰው ሲታነቅ የሚያሰማው ድምፅ። ገበሩን ነው አፋቸው ውስጥ የከተቱት፤ ያን ሳላይ አውቄዋለሁ። ለኔ ብለው ነው የሚታፈኑት፣ እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ምነው ባይስሉ፣ ምነው ዝም ቢሉ እያልኩ ነው። አጎቴ የሚያወሩት ዝናብ አለቀባቸው። 

ነጋዴው ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱት።

"ይህን ሳል አውቀዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የኔ ነው። ያን ዕለት እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"

ነጋዴው እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ከትተው ቡናማ ገበር አወጡ፤ የልጁ አጎት በመጀመሪያው ቀን ወስደውት የነበረውን ልጓም። ሊመልሱት ይሁን ሊወቅሱበት አላውቅም፣ ይዘውት መጥተው ነበር። አፋቸው ላይ አደረጉትና ጥብጣቡ አልገኝ አላቸው። "ነይ ልጄ፣ ከኋላ እሰሪልኝ" አሉኝ። አሰርኩላቸው። በርጩማቸውን አንሥተው ግድግዳው ሥር ወሰዱትና ተቀመጡ፤ አፋቸውን ወደ ጣውላው ቀዳዳ አስጠግተው፣

"ጌታዬ፣ ይሰሙኛል?" አሉ።

ከወዲያ፣ ጨርቁን ከአፋቸው አውጥተው ይመስላል፣ ደከም ያለ ድምፅ፣ "እሰማለሁ።"

"ልጅዎን ለልጄ ልለምን መጥቻለሁ። በበር አላስገባ ቢሉኝ በቀዳዳ እለምናለሁ።"

አባባ ሳሉ። አሁን ሳያፍኑት፣ እስኪበቃቸው ድረስ ሳሉ። ነጋዴው ከግድግዳው ፈቀቅ ሳይሉ ጠበቋቸው።

"ፊቷን አይታችኋል?" አሉ አባባ።

"አይተናል።"

"እንከን አለባት?"

"የለባትም ጌታዬ። አንድም እንከን የለባት።"

"ሁላችሁም ሰምታችኋል?"

ቄሱም የልጁ አጎትም ጎረቤትየውም "ሰምተናል" አሉ።

"እንግዲያው ትሸፍነው" አሉ አባባ። "ምን ገትሯታል? እኔ እዚህ እየሳልኩ ነው፣ ትሸፍን እንጂ!"

ልጓሜን ከጓዳው ምስማር ላይ አውርጄ አሰርኩት። እማዬ የቀሩትን ልጓሞች በትሪ ይዛ ለሽማግሎቹ አዞረች፤ አሁን ሁሉም አንዳንድ አነሡ። እኔ ግን በጉንጬ የሚወርደው ሁሉ ገበሩ ውስጥ እየገባ፣ ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ፣ እዚያው ጥጌ ላይ ቆሜ ቀረሁ።